አሞራ ገደል ላይ ያዘጋጀነው የቤተሰብ በዓል፦ ቅዳሜ ተበላሸ፣ እሁድ ተቃና

ለምን እንደጻፍኩት

ከሌሎች ከተሞች የሚደውሉልኝ መምህራን አሉ። «ለልጆችና ለወላጆች የሚሆን የተፈጥሮ በዓል ልናዘጋጅ አስበናል፤ ምን ትመክሪናለሽ?» ይሉኛል። እኔም ሐዋሳ ላይ የገጠመንን መተረክ እጀምራለሁ። በስልክ ሲሆን ግን ግማሹ ይቀራል፤ ካርድም ያልቃል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

በዓሉ ሁለት ቀን ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ። ቅዳሜ ወራት የተዘጋጀንበትና ገንዘባችን ሁሉ የፈሰሰበት ቀን ነው። ተበላሸ። እሁድ በአንድ ማታ የተጠጋገነ ነው። እሱ ሠራ። ነገሩ ዛሬም ትንሽ ያናድደኛል፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ንዴት ሳይሆን አይቀርም።

የሰዎቹን፣ የትምህርት ቤቱንና የረዱንን ነጋዴዎች ስም አልጠቅስም። ቦታውን ግን መደበቅ አልቻልኩም፤ ያለ ቦታው ታሪኩ አይገባም።

ቦታው

ሐዋሳን የረገጠ ሰው አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም። ሐይቁ ዳር ያለ፣ ትልልቅ ዛፎች የሞሉት ግቢ ነው። ጠዋት የዓሣ ገበያው ይደምቃል። ጀልባ ይጠጋል፣ መረብ ይራገፋል፣ ቆሮሶው ይገፈፋል፣ አምባዛው ይቆራረጣል። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ፤ ሾርባ የሚጠጣም አለ። ሆድ ዕቃው ይጣላል። ሆድ ዕቃ ባለበት ደግሞ አባ ኮዳ አይጠፋም።

አባ ኮዳን ላላያችሁ፦ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ራሱ የተመለጠ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ግዙፍ ወፍ ነው። ቆሞ ሲያዩት ጋቢውን ተከናንቦ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ ይመስላል። ራሱ የተመለጠው በጥንብ ውስጥ ስለሚያስገባው ነው፤ ላባ ቢኖረው በደም ይጨማለቅ ነበር። እግሩ ነጭ የሚመስለው ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት በገዛ ኩሱ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ይህችን የመጨረሻዋን መረጃ ለአሥር ዓመት ልጅ ንገሩት፤ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም።

ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ጉሬዛ የኛው ቃል ነው፤ ሳይንሱም እንዳለ ወስዶታል። ሩፐል የተባለው ጀርመናዊ አሳሽ በ1835 እ.ኤ.አ. እንስሳውን ሲመዘግብ ስሙን «ኮሎቡስ ጉሬዛ» አለው። ኮሎቡስ የሚለው ከግሪክ ነው፤ «የተቆረጠ» እንደማለት ነው። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላላ። ግልገሉ ሲወለድ ከራስ እስከ ጅራት ነጭ ነው፤ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከታች ጦጣ አለ። ጦጣን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ራሱ ይመጣል።

ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ አንድ ነው፤ ጥቁር ውኃ። ከላዩ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቼን «የምታውቁትን የዱር እንስሳ ሳሉ» አልኳቸው። ወረቀቱን ሰበሰብኩ። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ እንደገና አንበሳ። አንድ ልጅ ፔንግዊን ሥሏል። አባ ኮዳ የሣለ የለም። ጉሬዛም የለም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ሲመጡ አባ ኮዳ የመብራት ምሰሶ ላይ ቆሞ ያዩታል። ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ዳር ነው የሚኖሩት። ሁልጊዜ የሚያዩት ነገር ለእነሱ «የዱር እንስሳ» አልሆነም።

ሁለተኛው ችግር መመገብ ነው። ቤተሰብ እሁድ እሁድ ይመጣል፤ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሙዝ ይዞ። ልጅ ዳቦውን ይዘረጋል፣ ጦጣው ይቀበላል፣ አባት ፎቶ ያነሳል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም፣ እኔም ልጅ ሆኜ አድርጌዋለሁ። ግን የጉሬዛ ሆድ የተሠራው ለቅጠል ነው። ጨጓራው እንደ ላም በክፍል በክፍል የተከፈለ ሆኖ ቅጠሉን እያብላላ ነው የሚፈጨው። ብስኩት ለዚያ ሆድ አይሆንም። ጦጣው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይማራል፦ የሰው ልጅ እጅ ምግብ አለበት፤ ካልሰጠ ይነጠቃል።

ሦስተኛው ስስ ጉዳይ ነው። ለእንግዳ የዓሣ አንጀት እየወረወሩ አባ ኮዳውን የሚያስጠጉና የፎቶ የሚቀበሉ ወጣቶች አሉ። እንጀራቸው ነው። እነሱን «ጥፋተኞች» ብሎ መጀመር የትም አያደርስም። ይህን ቅዳሜ አላወቅነውም ነበር፤ እሁድ ገባን።

ዝግጅቱ

ኮሚቴ አቋቋምን። ሁለት መምህራን፣ አምስት ስድስት ወላጆች፣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ አስጋሪ። ከወላጆቹ አንዱ ነርስ ነው። ኮሚቴ ውስጥ ነርስ ይኑራችሁ፤ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ቀኑን የመረጥነው ጥር 25 አካባቢ ነው። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2 የሚሉት ቀን ነው፤ የዓለም የረግረጋማ ሥፍራዎች ቀን። በ1971 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ ራምሳር በምትባል ከተማ ረግረጋማ ሥፍራዎችን ለመጠበቅ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀበት ዕለት ነው። እውነቱን ለመናገር ራምሳርን ከኛ ወላጆች ማንም ሰምቷት አያውቅም። ቀኑን የወደድነው በሌላ ምክንያት ነው፦ ዝናብ የለም፣ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የመጡ ወፎች ገና አልሄዱም፣ ትምህርት ቤቶችም የግማሽ ዓመት ፈተና ጨርሰዋል።

ሰዓቱ ብዙ አከራከረን። ሐዋሳ ላይ እሁድ ጠዋት ለሁሉም የአምልኮ ሰዓት ነው፤ ለፕሮቴስታንቱም ለኦርቶዶክሱም። ስለዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እሁድ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተባለ።

ሁለት ነገሮች ከዕቅዱ ተሰረዙ። ስንሰርዝ ተጨቃጭቀናል፤ አሁን ሳስበው በዝግጅቱ ወቅት ከወሰንናቸው ሁሉ ትክክለኛዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው ጀልባ ነው። ልጆቹን ጉማሬ ወዳለበት ወስዶ ማሳየት ታስቦ ነበር። አስጋሪው «የልጅ ልክ የሆነ የነፍስ አድን ጃኬት ስንት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አንድም አልነበረንም። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ሾልኮ ይወጣል። በዚያ ላይ ጉማሬ ጀልባ ሲጠጋው ምን እንደሚያደርግ ነገረን። ወሬው በዚያው አበቃ።

ሁለተኛው የኔ ሐሳብ ስለነበር ቆጭቶኛል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ዳር ዳሩን ገብተው፣ በወንፊት ትንንሽ የውኃ ነፍሳት እንዲያወጡ ነበር የፈለግኩት። ነርሱ እጁን አወጣ። «ቢልሃርዚያስ?» አለ። ሐይቁ ዳር ቀንድ አውጣ አለ፤ ቀንድ አውጣው የሚለቀው ጥገኛ ትል በቆዳ ይገባል፤ ሐዋሳ ላይ በአስጋሪዎችና በተማሪዎች ላይ በምርመራ የተገኘ በሽታ ነው። ውኃው ውስጥ መቆም ብቻ ይበቃል። እኔ ይህን አላውቅም ነበርን? አውቃለሁ። አስተምረዋለሁ እንኳ። በዓል ሳዘጋጅ ግን ረሳሁት። ሰው የሚያውቀውን ነገር በጉጉት እንደሚረሳ ያየሁት ያኔ ነው። በኋላ አስጋሪው ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት አድርጎ ውኃውን በብርጭቆ ማሰሮ ቀዳ፤ ክዳኑን ዘጋ፤ ልጆቹ ከውጭ አዩ።

ገንዘቡስ? አብዛኛው ለቲሸርት፣ ለድንኳን፣ ለሞንታርቦና ለምሳ ሄደ። ለአቅራቢ መነጽር የቀረው ሁለት ለመግዛት ብቻ ይበቃ ነበር። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የቅዳሜን ታሪክ ከነመንስኤው ይናገራል።

ቅዳሜ

ሰው መጣ። ከጠበቅነው በላይ መጣ። ባጃጅ በባጃጅ ላይ። ልጆቹ ጉሬዛ የተሳለበት ነጭ ቲሸርት ለብሰው ግቢውን ሲሞሉት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሞንታርቦው ተከፈተ።

መጀመሪያ ሙዚቃ። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር። ከዚያ ሌላ ንግግር። ከላያችን ባለው ዛፍ ላይ የነበሩት ጉሬዛዎች በሁለተኛው ንግግር መሃል አንድ በአንድ እየዘለሉ ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ። አንዲት ልጅ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ቲቸር፣ ጉሬዛዎቹ ሄዱ እኮ» አለች። ተናጋሪው ስለ ጉሬዛ እየተናገረ ነበር።

አንድ የሲዳማ አባት ጋብዘን ነበር። ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ስለ ፊቼ ጨምበላላ እንዲያጫውቱን ነው። ሐዋሳ ላይ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ በዓል አባቶች ሕዝቡን ሲመክሩ ከሚሉት አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚለው ነው። ለኛ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። ግን ማይኩ ይጮኻል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ አባባም ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው። ማንም አልሰማቸውም። አጨበጨብንላቸውና ወረዱ።

ከዚያ ምሳ መጣ። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብስኩት፣ ሃይላንድ ውኃ። ክፍት ጠረጴዛ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ አሞራ ገደል ውስጥ። ከዚህ በኋላ የሆነውን የሐዋሳ ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል። ጦጣዎቹ ከሦስት አቅጣጫ መጡ። የሙዙ ግማሽ በአንድ ደቂቃ አለቀ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ ደግሞ ይወረውሩላቸዋል። «እንስሳትን አትመግቡ» የሚል ቲሸርት የለበሰ ልጅ ለጦጣ ብስኩት ሲሰጥ አይቻለሁ። ጽሑፉ ጀርባው ላይ ነበር፤ እሱም አላየውም።

አንድ ልጅ ብስኩቱን አለቅም ሲል ጦጣው እጁን ቧጨረው። ጭረቷ ትንሽ ናት። ነርሱ ግን አልቀለደም። ወዲያው ቧንቧ ሥር ወስዶ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበለት፤ ሰዓት እያየ። ከዚያ ከአባቱ ጋር ወደ ጤና ተቋም ላካቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም። ልጁ ደህና ነው፤ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። እናቱ ግን ለብዙ ጊዜ አላናገረችኝም፤ እውነት አላት።

ሁሉም ሲሄድ ግቢውን አየሁት። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የብስኩት መጠቅለያ። ነፋሱ ወደ ሐይቁ ይገፋል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ብለን ማለዳ ያስተማርንበት ሐይቅ። የተፈጥሮ ጥበቃ በዓል አክብረን ከማንኛውም ተራ ቅዳሜ የበለጠ ቆሻሻ ትተን ሄድን። እስኪመሽ ለቀምን።

ቅዳሜ ማታ

አንድ ወላጅ ቤት ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ። ግማሹ «እሁድን እንሰርዘው» አለ። እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ።

ሐሳባችንን ያስቀየረን አስጋሪው ነው። ቀኑን ሙሉ ብዙም አልተናገረም ነበር። እንዲህ አለ፦ «እኔ ጠዋት ስሠራ ልጆች መጥተው ዝም ብለው ያዩኛል። ማንም አልጠራቸውም። ዛሬ ግን ማንም ሊያየኝ አልመጣም፤ ጩኸቱ በልጦኝ።»

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሳን፦ ቅዳሜ ካመጣነው ነገር ውስጥ ቦታው ላይ ያልነበረው ምንድን ነው? ሞንታርቦ። ምግብ። መድረክ። ወንበር። ሁሉንም አወጣን። የቀረው ቦታው ራሱ ነው። በቀረው ሰዓት የሠራነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቆጠራ ወረቀት። ግማሽ ገጽ ላይ አምስት እንስሳት በእጅ ተሣሉ፦ አባ ኮዳ፣ ጉሬዛ፣ ጦጣ፣ ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ጥንብ አንሳ። ጎን ለጎን ባዶ ሳጥን። ፎቶ ኮፒ ቤት ዝግ ስለነበር እሁድ ከቸርች መልስ አስከፈትነው። ሁለተኛ፣ ለወላጆች መልእክት ላክን፦ «ነገ ምግብ የለም። ልጆቹን አብልታችሁ አምጡ። ውኃ በራሳችሁ ኮዳ ያዙ።» አንዱ አባት «የወፉን ነው?» ብሎ መለሰ።

እሁድ

የመጣው ሰው ከቅዳሜው ግማሽ አይሆንም። ይህ ጠቀመን። ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፈልን፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ወላጅ። ወላጁ የሚያስተምር ሳይሆን አብሮ የሚቆጥር ነው። ብዙዎቹ ደስ ያላቸው በዚህ ይመስለኛል፤ የማያውቁትን እንዲያስረዱ አልተገደዱም።

ዓሣ አጥማጁ ወፍ ተወዳጅ ሆነ። ሐይቁ ላይ በአንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ራሱን ዘቅዝቆ ይወርዳል። ይስታል። እንደገና ይሞክራል። ልጆቹ እንደ ኳስ ጨዋታ ይደግፉት ጀመር።

ከሁሉ የበለጠው ትምህርት ግን ያላቀድነው ነበር። ሁለት ቡድኖች አንድ ቦታ ቆመው አባ ኮዳዎቹን ቆጠሩ። ቁጥራቸው አልተገናኘም። በጣም አልተገናኘም። ጭቅጭቅ ተነሳ። «እናንተ የሚበረውንም ቆጠራችሁ!» «እናንተ ከጣሪያው ኋላ ያሉትን አላያችሁም!» እኔ ልገላግል ስል አስጎብኚው ያዘኝ። «ተያቸው» አለኝ። ልጆቹ ራሳቸው ሕግ አወጡ፦ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ይቆጠራል፤ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፤ የሚበረው ለብቻ ይመዘገባል፤ ሁለቱም ቡድን በአንድ ጊዜ ይጀምራል። እንደገና ቆጠሩ። አሁንም አልገጠመም፤ ግን ተቀራረበ። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። እዚያ ያሉ ባለሙያዎችም የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው ስላቸው ኮሩ።

ጥንብ አንሳውን ግን ማንም አላገኘውም ነበር። ቡናማ ነው፣ ከአባ ኮዳ አጠገብ ሲቆም ትንሽ ነው፣ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው። በአሞራ ስም በተጠራ ቦታ ላይ አሞራው አይታይም። አንዲት ልጅ ከዓሣ ገበያው ጀርባ አየችው፤ ሁሉም ተንጋጋ። ራሱ ላይ ቆብ መሳይ ላባ ያለው ይኸው ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። ከዋነኛ ገዳዮቹ አንዱ መርዝ ነው፤ ሰው ለጅብ ወይም ለውሻ ብሎ ያስቀመጠውን እሱ ይበላዋል። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። አባ ኮዳ በብዛት አለ፤ ያ ግን የለም። ልዩነቱን በመቁጠሪያ ወረቀታቸው ላይ አዩት፦ አንዱ ሳጥን በጭረት ተሞልቷል፣ ሌላው ላይ አንድ ጭረት አለች።

አስጋሪው መረቡን ዘረጋ። ሁለት ዓይነት አምጥቷል፤ ዓይኑ ሰፊ የሆነና ጠባብ የሆነ። አንድ ልጅ እጁን በሰፊው አሳልፎ አወጣ፤ በጠባቡ ጣቱ ብቻ አለፈ። «በዚህኛው ያልወለደ ዓሣ ይያዛል። ዛሬ ብዙ ታወጣለህ፤ ከርሞ ባዶ ጀልባ ይዘህ ትመጣለህ» አለ። ከዚያ በላይ አላብራራም። ልጆቹ «ጋሼ፣ አንተስ በየትኛው ነው የምታጠምደው?» ብለው ጠየቁት። ሳቀ። «አሁን በሰፊው» አለ።

የሲዳማው አባት ደግመው መጡ። ለምነናቸው ነው። ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቹ ሣሩ ላይ። ትናንት ያሉትን ነው ያሉት፤ አያንቱዎች የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪ አባቶች ኮከብ አይተው የጨምበላላን ቀን እንዴት እንደሚወስኑ፣ ስለ ዛፍም የሚባለውን። ዛሬ ሁሉም ሰማ። ሰውዬው አንድ፣ ቃሉ አንድ፤ የተቀየረው ሞንታርቦው ብቻ ነው።

ፎቶ የሚያስነሱት ወጣቶችስ? ቅዳሜ «አትመግቡ» ስንል ተቆጥተውን ነበር። እሁድ አንዱን ጠርቼ «አንተ ከማንም በላይ ታውቃቸዋለህ፤ አሳያቸው» አልኩት። እውነትም ያውቃል። የትኛው አባ ኮዳ እግሩ የተጎዳ እንደሆነ፣ የትኛው ሁልጊዜ መጀመሪያ እንደሚነጥቅ። አንጀት አልወረወረም። ሲጨርስ ከወላጆቹ ትንሽ ገንዘብ ሰብስበን ሰጠነው። ለአንድ ቀን ሠራ። ሰኞ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ በሌላ ቀን ማን ሊከፍለው? ይህን ጥያቄ አልፈታነውም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

እናንተ ዘንድ አባ ኮዳ ላይኖር ይችላል። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ጭላዳ ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጭልፊት ከቤታችሁ በላይ ይዞራል፤ ባሕር ዳር ጣና አለላችሁ። ከእንስሳው ዓይነት ይልቅ ለኔ የከበደው የምናመጣው ነገር ነው። ዕቅዳችሁን ከጻፋችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ «ይህ እንስሳውን ያቀርበዋል ወይስ ያርቀዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በኛ ዝርዝር ላይ ብንጠይቅ ኖሮ ገንዘቡ ከሞንታርቦ ወደ መነጽር በሄደ ነበር። ሁለት መነጽር ለዚያ ሁሉ ልጅ አይበቃም፤ ተራ ሲጠብቁ ወፉ ይሄዳል።

ምግብን ከቦታው አውጡ። «ምግብ ይኑር ግን እንጠንቀቅ» የሚባል ነገር የለም፤ ጦጣ ካለ የለም። ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች ከግቢው ውጭ መቀመጫ አዘጋጁ። እኛ እሁድ ይህን ስላላሰብን ሁለት እናቶች ልጆቻቸው ተርበው ቀድመው ሄደዋል። አጥፍተናል።

ጭረትና ንክሻ እንደሚኖር አስቡ። ሳሙና፣ የሚፈስ ውኃ፣ የቅርቡ ጤና ተቋም የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚወስድ፤ ይህ ሁሉ ቀድሞ ይወሰን። በዚያን ቀን ነርሱ ባይኖር እኔ በመሐረብ ጠርጌ «አይዞህ» ብዬ አሰናብተው ነበር። ያ ያስፈራኛል።

ስለ ተናጋሪ እንግዶች የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ቦታው ላይ የሚሠራና የሚኖር ሰው ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል፤ ግን መድረክ ላይ ካወጣችሁት ይጠፋል። በለመደበት፣ በሥራው ላይ እንዳለ ተውት።

ቲሸርት? ልጆች ይወዱታል፤ አልክድም። ወላጆቹ ዛሬም አንዳንዴ ሲያገኙኝ ልጃቸው እንደጠበበው ይነግሩኛል። የቆጠራ ወረቀቱን ግን የሚያነሳ ወላጅ የለም፤ የሚያነሱት ልጆቹ ናቸው። በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ «የዱር እንስሳ ሳሉ» የሚለውን እንደገና ሰጠኋቸው። አንበሳ አሁንም አለ። ፔንግዊኗም አለች፤ ያ ልጅ ግትር ነው። አባ ኮዳ ግን ብዙ ነበር፤ አንዳንዱ ነጭ እግር ያለው፣ ከነምክንያቱ በቀስት የተጻፈበት።

አንድ ነገር ቀረ። ለበዓሉ ብለን ክዳን ያለው ትልቅ የቆሻሻ በርሜል ገዝተን ለግቢው ስጦታ ትተን ነበር። እሱን እንኳ በደንብ አደረግን ብዬ ነበር። ማክሰኞ የግቢው ጥበቃ ደወለ። ጦጣዎቹ ክዳኑን መክፈት ተምረዋል፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሣሩ ላይ እየዘረገፉት ነው። ረቡዕ በባጃጅ ሄደን በርሜሉን መለስነው።